የኢንጂነሪንግ ዲግሪ ስንት ዓመት ይከፈልበታል? አዲሱ የወላጆች ብድር ጣሪያና የኮሌጅ ማመልከቻ

ጁላይ 4 ቀን 2025 በአሜሪካ የፀደቀው ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ስለ ኮሌጅ ብድር ብዙ ወሬ አስነስቷል። «መንግሥት የተማሪ ብድር ሊያቆም ነው» የሚል አለ። «ከእንግዲህ ወላጅ ለልጁ መበደር አይችልም» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ወሬው ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። በተለይ ልጃቸው ኢንጂነሪንግ ሊማር ለሚያስብ ቤተሰቦች ሕጉ ቀላል የማይባል ለውጥ ይዟል።

አብዛኛው ቤተሰብ ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ያነሳል። «ልጃችን የት ይገባል?» አንዱ ነው። «ስንት ያስከፍላል?» ሌላው ነው። በኢንጂነሪንግ ግን ሁለቱን መለያየት አይቻልም። ተማሪው የገባበት መንገድ ዲግሪው አራት ዓመት ይፈጅ ወይስ አምስት በሚለው ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። አዲሱ ሕግ ደግሞ ብድሩ ልክ አራተኛው ዓመት ላይ እንዲሳሳ አድርጓል። ስለዚህ ሒሳቡ መጀመር ያለበት ማመልከቻው ሲሞላ ነው።

ሕጉ የለወጠውና ያልነካው

ተማሪው ራሱ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚወስደው የፌዴራል ብድር መጠን አልተነካም። በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ በአንደኛ ዓመት እስከ 5,500 ዶላር ይበደራል። በሁለተኛው ዓመት እስከ 6,500፣ ከሦስተኛው ጀምሮ በየዓመቱ እስከ 7,500 ዶላር። ጠቅላላ ጣሪያው 31,000 ዶላር ነው።

ለውጡ ያረፈው «ፓረንት ፕላስ» በሚባለው ብድር ላይ ነው። ይህ ወላጅ በራሱ ስም ለልጁ ትምህርት የሚወስደው የፌዴራል ብድር ነው። በድሮው አሠራር ወላጅ ከኮሌጁ ጠቅላላ ወጪ ላይ ሌላው እርዳታ ተቀንሶ የቀረውን በሙሉ መበደር ይችል ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ ግን ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ሆኗል። እናትና አባት ተከፋፍለው ቢወስዱም ጣሪያው የሁለቱ ድምር ነው። ከዕዳው ላይ ስለተከፈለም ተጨማሪ መበደሪያ ቦታ አይከፈትም። ከዚያ ቀን በፊት ተመዝግቦ ብድር የተወሰደለት ተማሪ ቢበዛ ለሦስት ዓመት በድሮው ሕግ ይቀጥላል።

አከፋፈሉም ተቀይሯል፤ ስለዚህኛው ለውጥ ግን ብዙ ሲወራ አይሰማም። ከዚያ ቀን በኋላ የተወሰደ ፓረንት ፕላስ በገቢ ልክ የመክፈል አማራጭ የለውም። በወር የተቆረጠውን መክፈል ብቻ ነው። ወለዱም ከባድ ነው። በ2025-26 የትምህርት ዘመን 8.94 በመቶ ነበር፤ የተማሪው ብድር 6.39 በመቶ ነበር። አንድ ወላጅ 65,000 ዶላሩን በሙሉ ወስዶ በ8.94 በመቶ ወለድ ቢከፍል፣ በአዲሱ መደበኛ አከፋፈል 20 ዓመት ይፈጅበታል። በወር ወደ 580 ዶላር ነው። በመጨረሻ ከእጁ የሚወጣው 140,000 ዶላር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ያውም ልጁ ሳይመረቅ የሚጠራቀመው ወለድ ሳይቆጠር። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ ወላጅ ይህ ከጡረታው ጋር የሚጋጭ ዕዳ ነው።

ለማስተርስ ያለ ጣሪያ ይገኝ የነበረው ግራጁዌት ፕላስም ለአዲስ ተበዳሪዎች ተዘግቷል። ከመጀመሪያ ዲግሪው ቀጥሎ ማስተርስ ያቀደ ተማሪ ይህን ከአሁኑ ማወቅ አለበት።

ክፍተቱ የሚታየው በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ነው

65,000ን ለ20,000 ማካፈል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉውን የወሰደ ወላጅ 60,000 ደርሷል። ለአራተኛው ዓመት የቀረው 5,000 ዶላር ብቻ ነው። የተማሪው 7,500 ሲጨመር የአራተኛው ዓመት የፌዴራል ብድር 12,500 ዶላር ይሆናል። ከዓመት በፊት 27,500 ነበር። ኮሌጁ ግን ክፍያውን በግማሽ አይቀንስም።

አምስተኛ ዓመት ከመጣ ነገሩ ይብሳል። የወላጅ ብድር ዜሮ ነው። ተማሪው በአራት ዓመት 27,000 ዶላር ከተበደረ ከ31,000ው ጣሪያ የሚተርፈው 4,000 ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው የባንክ ብድር ነው። እሱ ደግሞ ጥሩ የክሬዲት ታሪክ ያለው ዋስ ይፈልጋል። ችግር ሲመጣም የፌዴራሉን ያህል አያስታግስም።

ሕጉ ሌላም ነገር አስገብቷል። ከሙሉ ሰዓት በታች የሚማር ተማሪ ዓመታዊ ብድሩ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የሙሉ ሰዓት መነሻው በሴሚስተር 12 ክሬዲት (የኮርስ መጠን መለኪያ) ነው። ስለዚህ የከበደውን ኮርስ መሃል ላይ የሚጥል ተማሪ የትምህርት ጊዜውን ብቻ ሳይሆን የብድሩንም መጠን እየነካ ነው።

ወላጅ በክሬዲት ታሪኩ ምክንያት ፓረንት ፕላስ ቢከለከል ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ያን ጊዜ ተማሪው በራሱ ስም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 4,000፣ ከዚያ በኋላ 5,000 ዶላር በየዓመቱ መጨመር ይችላል። ጠቅላላ ጣሪያውም ወደ 57,500 ዶላር ይወጣል። ይህን መንገድ የማያውቁ ቤተሰቦች ገና ሲከለከሉ ልጁን ከትምህርት ያስቀራሉ፤ በጣም ያሳዝናል።

መበደር ግድ ከሆነ 65,000ውን ለአራት ሳይሆን ለአምስት ዓመት ማካፈል ይሻላል። በዓመት 13,000 ይደርሳል። በ13,000 የማይሸፈን ኮሌጅ ገና በመጀመሪያው ዓመት ከአቅም በላይ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ ከመደንገጥ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ኢንጂነሪንግ ለምን ይረዝማል?

በአሜሪካ የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ተቋም ኤይቤት ይባላል። ኤይቤት እውቅና የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነው። በመስፈርቱ ተማሪው ቢያንስ 30 ክሬዲት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ 45 ክሬዲት ደግሞ የኢንጂነሪንግ ትምህርት መውሰድ አለበት። ከክሬዲቱ ብዛት ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ቅደም ተከተሉ ነው።

ካልኩለስ አንድ ያላለፈ ካልኩለስ ሁለት አይገባም። ያለ ካልኩለስ የፊዚክስ መካኒክስ አይጀመርም። ያለ መካኒክስ ስታቲክስ የለም። ያለ ስታቲክስ ደግሞ የሲቪልም የሜካኒካልም የሦስተኛ ዓመት ኮርሶች ይዘጋሉ። ቅድመ ሁኔታ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ላይ አንዳንዱ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል። በሌላ የትምህርት ዘርፍ አንድ ኮርስ የወደቀ ተማሪ ሌላውን እየወሰደ ይቀጥላል። እዚህ ግን አንድ ኮርስ አንድ ዓመት ሊበላ ይችላል።

ከሃይስኩል ካልኩለስ ሳይደርስ የመጣ ተማሪ ደግሞ በፕሪካልኩለስ ስለሚጀምር ገና ሲገባ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ወደኋላ ነው። ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሃይስኩሉ ጉዳይ ነው፤ ከውጭ አገር ዘግይተው የመጡ ልጆች ላይ በተለይ ይታያል። ከመግቢያው በፊት ባለው በጋ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (በአካባቢው ባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ሒሳቡን መውሰድ ከአንድ ሙሉ ሴሚስተር ወጪ ሊያድን ይችላል። ተቀባዩ ኮሌጅ ክሬዲቱን እንደሚቀበል ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ተማሪው በየት በኩል ነው የሚገባው?

የኢንጂነሪንግ ቅበላ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ማስታወቂያዎቹ ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም።

አንዳንዱ ኮሌጅ ከመጀመሪያው ወደ አንድ የትምህርት ክፍል ነው የሚቀበለው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኧርባና-ሻምፔይን አመልካቹ ሜጀሩን፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፉን፣ ማመልከቻው ላይ ይመርጣል። ከተቀበሉት ቦታው የእሱ ነው። ጥቅሙ እርግጠኝነት ነው። ሐሳቡን የሚቀይር ልጅ ግን ተፈላጊ ወደሆኑት እንደ ኮምፒዩተር ሳይንስ ያሉ ክፍሎች መዛወር ይከብደዋል።

ሌላው አሠራር ሁሉንም በጋራ አንደኛ ዓመት ተቀብሎ በኋላ መደልደል ነው። ፐርዱ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹ የጋራ አንደኛ ዓመት አለው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ወደ ኢንጂነሪንግ ኮሌጁ ተቀብሎ በኋላ ነው የሚመድበው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ለዓመታት በሠራበት ሥርዓት የአንደኛ ዓመት ነጥቡ 3.75 የደረሰ ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫውን ያገኛል። ከዚያ በታች ያለው ይወዳደራል። እዚህ ላይ ተማሪው ኢንጂነሪንግ ውስጥ መቆየቱ እንጂ የፈለገውን ሜጀር ማግኘቱ አልተረጋገጠም። ኤሌክትሪካል ፈልጎ ያልመረጠው ቦታ የተመደበ ልጅ ወይ ይቀበላል፣ ወይ ኮሌጅ ይቀይራል። መቀየር ደግሞ ክሬዲት ያስጥላል።

ኤም አይ ቲን የመሰሉ ጥቂት ኮሌጆች ተማሪው ከገባ በኋላ የፈለገውን እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። መግባቱ ግን እጅግ ከባድ ነው።

ከሁሉም በላይ ቤተሰብን ለኪሳራ የሚዳርገው «ለጊዜው በሌላ ይግባና በኋላ ወደ ኢንጂነሪንግ ይዛወራል» የሚለው ስሌት ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለ ማለት የኢንጂነሪንግ ኮሌጁ ተቀበለ ማለት አይደለም። የውስጥ ዝውውሩ ውድድር ነው። አንዳንድ ቦታ ከውጭ ከመግባት አይቀልም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ለኮሌጁ አንድ ኢሜይል መጻፍ ነው፦ ባለፈው ዓመት ይህን ሜጀር አንደኛ ምርጫ ካደረጉት ስንቶቹ አገኙት? በውስጥ ዝውውር ካመለከቱትስ? ቁጥሩን ለመስጠት የማይፈልግ ኮሌጅ ራሱ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

የተለጠፈው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ

በኮሌጁ ገጽ ላይ የሚታየው የተለጠፈ ዋጋ ነው። ከዚያ ላይ መመለስ የማያስፈልገው እርዳታ፣ ማለትም ግራንትና ስኮላርሺፕ ሲቀነስ የተጣራው ዋጋ ይወጣል። ብድር ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ የተጣራ ዋጋ ማስያ በገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። ከማመልከት በፊት በዚህ ማስያ ማስላት ይቻላል፤ ነፃ ነው።

ሁለቱ ዋጋዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ኤም አይ ቲ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ2025 መኸር ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ200,000 ዶላር በታች የሆነ፣ ሀብታቸውም የተለመደ ዓይነት የሆነ ቤተሰቦች ቱሽን (የትምህርት ክፍያ) አይከፍሉም። ከ100,000 በታች ከሆነ ቤትና ምግብም ይሸፈናል። በሌላ በኩል በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወሳኙ ነዋሪነት ነው። ከ2013 ጀምሮ ክፍያውን ሳይጨምር በቆየው ፐርዱ የኢንዲያና ነዋሪ በዓመት 9,992 ዶላር መደበኛ ክፍያ ሲከፍል የሌላ ስቴት ተማሪ 28,794 ይከፍላል። ቤትና ምግብ ለብቻው ነው። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጠይቁም መርሳት አይገባም። በምዕራብ ስቴቶች ተማሪ ተሻግሮ ከነዋሪው ክፍያ 150 በመቶ ባልበለጠ የሚማርበት ስምምነት አለ፤ ኢንጂነሪንግን የማያካትቱ ኮሌጆች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የፌዴራል እርዳታ የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ነው። ቅጹ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊቱን ገቢ ነው። ለ2026-27 የሚታየው የ2024 ታክስ ነው። ከቅጹ የሚወጣው ቁጥር የቤተሰቡን አቅም ይለካል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ፔል ግራንት በ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ፔል ቢበዛ ለ12 ሴሚስተር ነው።

ለስደተኛ ቤተሰቦች ጥቂት ነጥቦች ላይ ግራ መጋባት ይታያል። በዲቪ የመጣ ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው። በብዙ ስቴቶች የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ግን 12 ወር መኖር ያስፈልጋል። ጥገኝነት የተፈቀደለት ብቁ ነው፤ ጉዳዩ ገና በሒደት ላይ ያለ አይደለም። ተማሪው ዜጋ ከሆነ የወላጆቹ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይከለክለውም። ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም። ከ100 ሠራተኛ ያልበለጠ የቤተሰብ ንግድም ከ2026-27 ጀምሮ እንደ ሀብት መቆጠሩ ቀርቷል፤ ገቢው ግን ይቆጠራል። ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ መላክ ድሮ ቁጥሩን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ከ2024-25 ወዲህ አያደርግም።

አንድ ትልቅ ወጪ ደግሞ ቅጹ ጭራሽ አያየውም። ለአገር ቤት ወላጆችና ወንድም እህቶች በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ነው። ፋፍሳ ያንን ገንዘብ ኪስ ውስጥ እንዳለ ነው የሚያስበው። በደረሰኝ አስደግፎ ለኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ «ልዩ ሁኔታ» ብሎ ማመልከት ይቻላል። ውሳኔው የቢሮው ነው፤ ሳይጠይቁ ግን የሚገኝ ነገር የለም።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር

ሁለት ዓመት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት በዩኒቨርሲቲ። በወረቀት ላይ በጣም ርካሹ መንገድ ነው። በኢንጂነሪንግ የሚሠራው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ኮሌጁ ካልኩለስን፣ ፊዚክስንና ስታቲክስን በተከታታይ መስጠት አለበት። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ለኢንጂነሪንግ ኮሌጁ የተጻፈ የዝውውር ስምምነት ሊኖረው ይገባል። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችና በቨርጂኒያ ቴክ ኢንጂነሪንግ መካከል ያለው ዓይነት ስምምነት ጥሩ ምሳሌ ነው። የሚፈለገውን ነጥብና ኮርስ ላሟላ ቦታ ይሰጣል።

ስምምነት ከሌለ ልጁ 60 ክሬዲት ይዞ ሄዶ ለሜጀሩ የሚቆጠረው ከዚያ በብዙ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ርካሹ መንገድ ሦስት ዓመት ውድ ክፍያ ያስከትላል። አማካሪዎች አንዳንዴ «ክሬዲቱ ይዛወራል» ይላሉ። ለዲግሪው መቁጠሩና ለሜጀሩ መቁጠሩ የተለያየ ነገር ነው። መጠየቅ ያለበት ሁለተኛው ነው።

ስም ወይስ ዋጋ?

አንደኛው ወገን ታዋቂ ኮሌጅ በኋላ ደመወዝ ላይ ራሱን ይከፍላል ይላል። ሌላው ኢንጂነሪንግ የትም ያው ኢንጂነሪንግ ነው ይላል። ኢኮኖሚስቶቹ ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር በ2002 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት ተመሳሳይ ኮሌጆች ያመለከቱና የተቀበሏቸውን ተማሪዎች አነጻጽረዋል። ከፍ ያለ ስም ያለው ኮሌጅ መግባት ለአብዛኛው ተማሪ የገቢ ልዩነት አላመጣም። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡት ግን ጠቅሟል። ይህ ውጤት ለሁለቱም ወገን ከባድ ጥያቄ ነው። ስምን ሙሉ በሙሉ መናቅ ትክክል አይሆንም፤ በተለይ ኮሌጁ ለዝቅተኛ ገቢ በቂ ግራንት የሚሰጥ ከሆነ። በ9 በመቶ ብድር ስም መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

በኢንጂነሪንግ ከስም በፊት የሚጣራው የኤይቤት እውቅና ነው። በተለይ ሲቪል ላይ። የመንገድና የሕንፃ ዲዛይን ላይ የሚፈርም ሰው የስቴት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለ እውቅናው ፈቃዱን ማግኘት በብዙ ስቴቶች ይረዝማል ወይም ይዘጋል። በኮምፒዩተር ሳይንስ ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ትምህርትና ሥራን እያፈራረቀ የሚሄደው ኮኦፕ የሚባለው ዘዴም ሊጤን ይገባል። በ1906 በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ዲግሪውን ብዙ ጊዜ ወደ አምስት ዓመት ያራዝመዋል። በሥራው ሴሚስተር ግን ደመወዝ ስላለ ይህ አምስተኛ ዓመት ከመውደቅ ከሚመጣው አምስተኛ ዓመት በእጅጉ ይለያል።

ጣሪያው ኮሌጆችን ዋጋ ያስቀንሳል?

በ1987 የትምህርት ሚኒስትር የነበረው ዊሊያም ቤኔት የፌዴራል እርዳታ ኮሌጆች ዋጋ እንዲጨምሩ ያበረታታል ብሎ ተከራክሮ ነበር። የአሁኑን ጣሪያ የሚደግፉት በዚሁ መንገድ ያስባሉ። ብድሩ ሲወሰን ኮሌጁ ዋጋውን ለማስተካከል ይገደዳል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ዋጋው ሳይወርድ ቤተሰቡ ወደ ባንክ ብድር ይገፋል፣ አቅም የሌለው ደግሞ ይቀራል ይላሉ። የመጀመሪያው ሐሳብ ተማሪ ለማግኘት በሚቸገሩ የግል ኮሌጆች ላይ ሊሠራ ይችላል። አመልካች በሚያጨናንቃቸው የኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች ላይ ግን ዋጋ ለመቀነስ የሚያስገድድ ነገር አይታይም። ቢወርድ እንኳ ዓመታት ይፈጃል። ዘንድሮ የሚያመለክት ልጅ በዚያ ተስፋ ላይ ሊያቅድ አይችልም።

የእርዳታ ደብዳቤው ሲመጣ

ብዙ ደብዳቤዎች ግራንትን፣ የሥራ ዕድልንና ብድርን ደምረው «እርዳታ» ብለው ያቀርባሉ። ብድሩን አውጥቶ እንደገና መደመር ነው። ስኮላርሺፕ ካለ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የሚጠበቀው ነጥብ ነው። 3.5 ይዞ መቆየት በኢንጂነሪንግ አንደኛ ዓመት ከባድ ነው። ሁለተኛው የሚቆይበት ጊዜ ነው። ስምንት ሴሚስተር ብቻ ከሆነ አምስተኛው ዓመት ባዶ ነው። ከውጭ ድርጅት የተገኘ ስኮላርሺፕ ደግሞ አንዳንድ ኮሌጅ የራሱን እርዳታ እንዲቀንስ ሰበብ ይሆነዋል። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በሕግ የገደበች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት።

«ኧርሊ ዲሲዥን» በሚባለው መንገድ የተቀበለ ተማሪ እንዲገባ ቃል ስለሚገባ ደብዳቤ የማወዳደር ዕድሉ አይኖረውም። ዋጋ ለሚያሳስበው ቤተሰብ «ኧርሊ አክሽን» ይሻላል። ቶሎ መልስ ይሰጣል፤ አያስርም።

የደብዳቤው ቁጥር የመጨረሻ አይደለም። ሥራ ከቀረ፣ ገቢ ከወረደ፣ የሕክምና ወጪ ከመጣ፣ ወይም ተመጣጣኝ ኮሌጅ የተሻለ ካቀረበ ለእርዳታ ቢሮው ይግባኝ ማለት ይቻላል። ማስረጃና አጭር፣ ግልጽ ደብዳቤ ይበቃል። በብዙ ኮሌጆች የመወሰኛው ቀን ሜይ 1 ነው። መልሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ይግባኙ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ መግባት አለበት።